ጉበት የሚችለውና የማይችለው

ወልቂጤ ላይ ፀሐይ አናት ስትደርስ የጫት ተራው ይደምቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 158 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ወደዚህች ከተማ፣ ጠዋት ከዙሪያው ማሳ የተቀነጠሰው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ይገባል። ገዢው እስሩን ፈታ አድርጎ ቀንበጡን ያያል፤ ቅጠሉን በጣቱ ይፈትሻል፤ ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጯ «አሁን የገባ ነው» ትላለች።

ትኩስነቱ የገበያ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላቦራቶሪ ካቲኖን የተባለውን ዋናውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ከትኩስ ጫት ለይቶ አወጣ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ካቲን ወደሚባል ደካማ ዘመዱ ይለወጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የጫቱ ኃይል በእጅጉ ይቀንሳል። ኮባው ቅጠሉን የሚያረጥበው፣ የጫት መኪናውም የሚጣደፈው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ በርጫው ሲሞቅ ስለ ሰውነት ብዙ ይወራል። ጉልበት ሠራተኛው የቃመውን በላቡ እንደሚያወጣው ያምናል። ኬሚካል ሲረጭ የዋለው ወጣት አንድ ብርጭቆ ወተት መርዙን እንደሚያረክሰው ሰምቷል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን የሚሰብር ጨብሲ አለ። ሦስቱም ልማዶች የሚያርፉት አንድ ሐሳብ ላይ ነው፤ ወደ ሰውነት የገባን ነገር በሌላ ነገር ማስወጣት ይቻላል የሚል። ሰውነት ግን እንዲህ አይሠራም። የገባበትን ነገር የሚያስወግደው በራሱ መንገድና በራሱ ፍጥነት ነው። አንዳንዱን ለዓመታት ያስቀረዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ ለማስወጣት ሲታገል ከመጀመሪያው የከፋ መርዝ ያደርገዋል።

ከጉንጭ እስከ ኩላሊት

ጉራጌ ውስጥ ጫትና ጤና ሲነሳ ቡታጅራ ሳትጠቀስ አትታለፍም። ከተማዋ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎችን ልደት፣ ሞትና በሽታ የሚመዘግብ የገጠር ጤና ፕሮግራም አቁመዋል። በዚህ ፕሮግራም ሥር ዶክተር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት ግማሽ ያህሉ በዚያ ወቅት ጫት ይቅሙ ነበር። ከቃሚዎቹ 17 በመቶው በየቀኑ የሚቅሙ ነበሩ። ከአምስት ቃሚ አራቱ ምክንያታቸውን ሲናገሩ ለጸሎት ልብን ለመሰብሰብ ነው ብለዋል።

ታዲያ ያ ቅጠል ጉንጭ ውስጥ ሲታመቅ ምን ይሆናል? በጀርመን በጥቂት ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ልኬት መልስ አለው። ከካቲኖኑ 60 በመቶ ገደማ የተመጠጠው እዚያው አፍ ውስጥ፣ በጉንጭና በድድ ስስ ቆዳ በኩል ነው። ተተፍቶ በሚወጣው ቅሪት ውስጥ የቀረው አነቃቂ ንጥረ ነገር አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። ቃሚው ሳይውጥ ጉንጩን ወጥሮ የሚያቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

በጉንጭ መግባትና በሆድ መግባት አንድ አይደሉም። ከአንጀት የተመጠጠ ማንኛውም ነገር ወደ ቀሪው አካል ከመሠራጨቱ በፊት በአንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል ወደ ጉበት ይወሰዳል። ጉበት እዚያ ፈትሾ የተወሰነውን ያስቀራል። በአፍ ስስ ቆዳ፣ በሳንባ ወይም በቆዳ የገባ ግን ይህን ኬላ ዘሎ በቀጥታ ወደ ልብና ወደ አንጎል ይደርሳል። ስለዚህ ስለ መርዝ ሲጠየቅ «ምን ያህል?» ብቻ ሳይሆን «በየት በኩል?» የሚለውም እኩል ይመዝናል።

ካቲኖን በደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው መቃም ከተጀመረ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ የጉበት ተራ ይመጣል። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝነው ይህ አካል በደቂቃ ወደ አንድ ሊትር ተኩል የሚጠጋ ደም ያልፍበታል። በውስጡ ያሉት ኢንዛይሞች ካቲኖንን ኖርኤፌድሪን ወደሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጡታል። በደም ውስጥ ካለው ካቲኖን ግማሹ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠፋል፤ ካቲን ግን ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ከቃሚው ሽንት ውስጥ ሳይለወጥ የሚገኘው ካቲኖን ከመቶ ሰባት እጅ ብቻ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ የሚገላበጥ ቃሚ በርጫው አልቆ ቢሆንም የጉበትና የኩላሊቱ ሥራ ገና አላለቀም።

ጉበት ለምን መለወጥ አስፈለገው? የሰውነት ሕዋሳት ግድግዳ የተሠራው ከስብ ስለሆነ፣ በስብ የሚሟሙ ነገሮች በቀላሉ ዘልቀው ይገባሉ። ችግሩ በቀላሉ የገባው በቀላሉ አለመውጣቱ ነው። ክትፎ የበላ እጅ በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ እንደማይጸዳ ሁሉ፣ በስብ የሚሟማ መርዝም በሽንት ብቻ አይወጣም። ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን መልሰው ወደ ደም ያስገባሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። በስብ የሚሟማው መርዝ ከሚመለሰው ጋር ይመለሳል።

ስለዚህ ጉበት በሁለት ደረጃ ይሠራል። በመጀመሪያ ሳይቶክሮም በተባሉ ኢንዛይሞች አማካይነት በመርዙ ላይ መያዣ የሚሆን ቦታ ይከፍታል። ቀጥሎ በዚያ ቦታ ላይ ግሉታቲዮን ወይም ሌላ በውኃ የሚሟማ ነገር ያጣብቅበታል። ከዚህ በኋላ ትንንሹ በኩላሊት በሽንት፣ ትልልቁ ደግሞ በሐሞት በኩል በዓይነ ምድር ይወጣል።

መርጫ የተሸከመ ጀርባ

ከቡታጅራ ወረድ ብሎ፣ በበርበሬዋ ስሟ በአገር በተጠራው በማረቆ፣ በክረምት ወራት ጀርባው ላይ የኬሚካል መርጫ ያዘለ ሰው ማየት የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጓንት የለም። አፍና አፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ካለ ጥሩ ነው። መርጫው ያረጀ ከሆነ በክዳኑ በኩል ያፈሳል፤ ፈሳሹም ከጀርባ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ሱሪ ይወርዳል።

ሰው የሚጠነቀቀው ለአፉ ነው፤ ቆዳውን ግን ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ፓራቲዮን የተባለውን ፀረ ተባይ በበጎ ፈቃደኞች የተለያየ የአካል ክፍል ላይ ቀብተው ምን ያህሉ ወደ ሰውነት እንደሚገባ ለክተው ነበር። በክንድ ላይ ከተቀባው የገባው ከመቶ ዘጠኝ እጅ ገደማ ነው። በራስ ቅል ቆዳ ላይ ሲሶ ያህሉ ገባ። በወንድ የዘር ፍሬ ቆዳ ላይ የተቀባው ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ገባ። ጀርባው ላይ ያፈሰሰው መርጫ ወዴት እንደሚወርድ ላሰበ ሰው ይህ ቁጥር በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ፓራቲዮን፣ ማላቲዮንና ዲያዚኖን የሚመደቡበት ኦርጋኖፎስፌት የሚባለው ቤተሰብ የሚያጠቃው አንድ ኢንዛይም ነው። ነርቭ ጡንቻንና ዕጢን የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ሥራውን ሲጨርስ የሚያፈርሰው ይህ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ ከታሰረ መልእክተኛው ይከማቻል፤ ነርቭ ያለማቋረጥ ያዛል። የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ምራቅና ላብ ይፈሳሉ፤ ሰውየው ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋል፤ ጡንቻው ይርገበገባል፤ በመጨረሻ መተንፈስ ያቅተዋል። ጉበት እዚህ ላይ ሁልጊዜ አይረዳም፤ እንዲያውም ፓራቲዮን ራሱ ነርቭን ክፉኛ የሚመታው ጉበት ፓራኦክሰን ወደሚባል ነገር ከለወጠው በኋላ ነው።

ወተትስ? ወተት ይህን ኢንዛይም ከእስሩ አይፈታም። በቆዳ ወይም በሳንባ የገባውን መርዝ ሆድ ውስጥ ያለ ወተት አያገኘውም። የሚጠቅመው ወዲያውኑ ልብስን አውልቆ ገላን በብዙ ውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያም የኬሚካሉን ዕቃ ወይም ጽሑፉን ይዞ ወደ ሕክምና መሮጥ ነው። በወልቂጤም ይሁን በአጣጥ፣ በቡታጅራም ይሁን በሌላ ሆስፒታል ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው አትሮፒን ነው፤ የትኛውን መርዝ እያከመ እንደሆነ ካወቀ ደግሞ ጊዜ አያባክንም።

የማሳው ኬሚካል ማሳ ላይ አይቀርም። በኢትዮጵያ በጫት ናሙናዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ዲዲቲን ጨምሮ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቷል። በርበሬው ከመደቆሱ በፊት ይታጠባል፣ ይቀነጠሳል፣ ይደርቃል፤ ጫቱ ግን ከቀንበጡ በቀጥታ ጉንጭ ይገባል። ጫትን አጥቦ መቃም ላዩ ላይ ያለውን ቅሪት ይቀንሰዋል፤ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣውም።

ጢስ የማይታይበት መንገድ

ከዋናው አስፋልት ወጣ ብለው ወደ ጉራጌ ሳር ቤት ሲገቡ ጢሱ ይቀበልዎታል። በቤቱ መካከል ያለው ምድጃ ቆጮ ይጋገርበታል፤ ጎመንና አይብ ይሠራበታል። በዚያው ጢስ ጣሪያው ይጠቁራል፤ ሣሩም ከነቀዝ ይጠበቃል። ምድጃው ዘንድ ብዙውን ጊዜ የምትውለው እናት ናት፤ ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሕፃን አለ።

ቡታጅራ ይህንንም በቁጥር አስቀምጣለች። ዶክተር አበራ ቁምዬና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ገጠር በ3 ሺህ 300 ገደማ ቤቶች ከ17 ሺህ በላይ ልኬቶችን ወስደው እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አሳተሙ። በቤት ውስጥ የተገኘው የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አማካይ መጠን በሜትር ኩብ አየር 97 ማይክሮ ግራም ነበር። በወቅቱ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታዊ አማካይ ያስቀመጠው ገደብ 40 ሲሆን፣ ዛሬ ወደ 10 ዝቅ ብሏል።

ሳንባ ከቆዳም ከአንጀትም የሰፋ በር ነው። ትልልቁ ብናኝ በአፍንጫና በጉሮሮ ተይዞ በአክታ ይወጣል። ደቃቁ ግን እስከ ሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች ይወርዳል። እዚያ ብናኝ የሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳት ይቀበሉታል፤ የማይፈጨውን ግን ይዘውት ለዓመታት ይቀመጣሉ። ዕድሜ ልክ ምድጃ ዘንድ የኖረች ሴት ሲጋራ ሳትነካ የአጫሽ ሳል የምታስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክስጅን በሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ጉበትም ኩላሊትም ሊያስወጡት አይችሉም፤ መውጫው ራሱ የገባበት ሳንባ ብቻ ነው። በተራ አየር ላይ ግማሹ እስኪወጣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሆስፒታል ውስጥ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በብርድ ሌሊት ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ጎረቤት የሚያነቃው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሕክምና በርና መስኮት ከፍቶ ወደ ደጅ ማውጣት ነው።

ጨብሲ የጉበትን ወረፋ ያራዝማል

ማታ ምርቃናው ሲከብድ አረቄ ይፈለጋል። ቃሚው የሚያምነው አረቄው ጫቱን «እንደሚሰብረው» ነው። በእርግጥ አልኮል አንጎልን ስለሚያደነዝዝ መንቃቱ የበረደ ይመስላል። ካቲኖኑ ግን አልወጣም፤ ጉበት ላይ ሌላ ሥራ ተጨመረ እንጂ።

አልኮል በጉበት ሲፈርስ መጀመሪያ አሴታልዲሃይድ ወደሚባል መርዛማ ነገር ይለወጣል፤ ከዚያ ወደ ጉዳት አልባ አሴቴት። ከአሥር እጅ የሚያንሰው ብቻ በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት ሳይለወጥ ይወጣል። የአንድ አዋቂ ጉበት በሰዓት የሚያፈርሰው ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ነው። አልኮሉ 45 በመቶ የሚደርስ ዳግም አረቄ በ50 ሚሊ ሊትር መለኪያ ሲጠጣ ወደ 18 ግራም አልኮል ይይዛል። አንዷ መለኪያ ለጉበት የሁለት ሰዓት ሥራ ናት ማለት ነው። ቡና ይጠጣ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ይፈስስበት፣ ይራመድ፣ ያልበው፤ ይህ ፍጥነት አይለወጥም።

ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ሜታኖል ራሱ ብዙም አያጠቃም። ጉበት አልኮልን በሚያፈርስበት ኢንዛይም ሲያፈርሰው ግን ፎርሚክ አሲድ ይወለዳል፤ ይህም የዓይን ነርቭን ያጠፋል። በመጠጥ ማግስት ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው «ሐንጎቨር ነው» ብሎ ቤት መተኛት የለበትም።

ጉበት ራሱ መርዝ ሲሠራ

ፓራቲዮንና ሜታኖል ብቻቸውን አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2001 ትግራይ ውስጥ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ሰዎች ሆዳቸውና ጉበታቸው እያበጠ መሞት ጀመሩ። የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች ለዓመታት ከለፉ በኋላ ምክንያቱ ታወቀ፤ ከእህሉ ጋር አብሮ የሚታጨድ የአንድ አረም ዘር ነበር። አረሙ የያዛቸው ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በራሳቸው ጉዳታቸው ትንሽ ነው። ጉበት ለማስወጣት ሲለውጣቸው ግን የራሱን የደም ሥሮች የሚዘጋ ነገር ይሠራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመሙ።

አፍላቶክሲንም እንዲሁ ነው። እርጥበት ባለበት በተከማቸ በርበሬ፣ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚሠራው መርዝ ነው። የጉበት ኢንዛይም ሲነካው የዘር ንድፍን ከሚይዘው ዲኤንኤ ጋር የሚጣበቅ ነገር ይሆናል፤ ይህም ወደ ጉበት ካንሰር ይመራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ናሙናዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት፣ ከ110 ናሙናዎች ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን የአውሮፓ ኅብረት ካስቀመጠው ገደብ በላይ ነበር። መንገዱ ይህ ነው፤ ላሟ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ በላች፤ ጉበቷ አፍላቶክሲኑን ለወጠው፤ የተለወጠውም በጡቷ ወጣ። መርዝ ያረክሳል የሚባለው ወተት የመርዝ መውጫ ሆኖ ተገኘ።

ጉበት ከሰው ሰውም ይለያያል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳተሙት፣ ከጥናቱ ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ 2ዲ6 የሚባለውን የጉበት ኢንዛይም ዘረ መል በተደራቢ ይዘዋል። እነዚህ ሰዎች አንዳንድ መድኃኒቶችን ከሌላው በፍጥነት ይለውጣሉ። ኮዴይን የተባለውን ማስታገሻ ሲወስዱ ለምሳሌ፣ ከታሰበው በላይ ሞርፊን በደማቸው ሊሠራ ይችላል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያውያን ፈቃደኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዳክም አሳይቷል። መድኃኒት እየወሰደ የሚቅም ሰው ይህን ለሐኪሙ ሊሸሽግ አይገባም።

የማይወጣው

ዲዲቲ ለእርሻ እንዳይውል በስቶክሆልም ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2001 ተከልክሎ ለወባ መከላከያ ብቻ ተፈቀደ። ይሁንና ለወባ የመጣው ወደ ጓሮ መሹለኩ አልቀረም። ጉበት ዲዲቲን ለማስወጣት የሚበቃ መያዣ የለውም። የሚለውጠው ወደ ሌላ፣ እንዲያውም ይበልጥ ወደሚቆይ ነገር ነው። ስለዚህ በስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። በሰው ላይ ፈጣን መውጫ ሲያገኝ የሚታየው ጡት በማጥባት ነው። ከወልቂጤ አልፎ በጅማ መንገድ ባሉት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተማ በተደረገ ጥናት ዲዲቲ በእናት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ሕፃናቱ በየቀኑ የሚወስዱት መጠን ጥናቱ ከተጠቀመበት ገደብ፣ ከ20 ማይክሮ ግራም በኪሎ ክብደት፣ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር። ይህ ማለት ጡት ማጥባት ይቁም ማለት አይደለም፤ የጡት ወተት ጥቅም አሁንም ይበልጣል። ጥፋቱ ከእናትየዋ ሳይሆን ከመርጫው ነው።

ፍሎራይድም በሌላ መንገድ ይቀራል። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዝዋይና መቂ የሚወርደው ስምጥ ሸለቆ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ኩላሊት የሚችለውን ያስወጣል፤ የቀረው በጥርስና በአጥንት ውስጥ ይገባል። በልጅነት የገባው ጥርስን ያዥጎረጉራል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው አጥንትን ያደነድናል። በወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ያጠኑት ይህንኑ ነው። ውኃ አብዝቶ መጠጣት እዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱም መርዙ ያለው ውኃው ውስጥ ነው።

በገበያ «መርዝ የሚያጥብ» ሻይ፣ ጭማቂና ኪኒን ሲሸጥ እንሰማለን። ላብም፣ ወይባ ጢስም፣ ሻይም የጉበትን ፍጥነት አይጨምሩም፤ ላብ በዋናነት ሰውነትን ማቀዝቀዣ ነው። አንዳንዱ ዕፅ ራሱ ጉበትን ይጎዳል። የጤናማ ሰው ጉበትና ኩላሊት ረዳት አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት ሥራቸው እንዳይበዛባቸው ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው መርዙ ሳይገባ መመከት ነው። ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ጓንት፣ ቦቲና ረጅም ልብስ ይልበስ፤ የሚያፈስ መርጫ አይዘል፤ ከነፋስ ተቃራኒ አይርጭ፤ ሥራውን ሲጨርስ ሳይበላ ሳይጠጣ በሳሙና ይታጠብ። ባዶውን የኬሚካል ጀሪካን ለውኃ አይጠቀምበት። ኬሚካል የተረጨበት ማሳ ላይ በጽሑፉ የተቀመጠው የመጠበቂያ ቀን ሳያልቅ ጫትም በርበሬም አይቀንጠስ። በርበሬና ኦቾሎኒ በደንብ ይድረቁ፤ የሻገተው ይጣል፤ ለላምም አይሰጥ። ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው። ከሰል ተቀጣጥሎ በር አይዘጋ። የግብርና ባለሙያው በየማሳው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም በየቤቱ ይህን ደጋግመው ያስተምሩ፤ ኬሚካል የሚሸጡ ሱቆችም ቁጥጥር ይደረግባቸው። ጉበት በየቀኑ የሚሠራውን ይሠራል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ከደጅ መመለስ ግን የእኛ ሥራ ነው።